እግሩ የእኛ፣ ጫማው የእነሱ

የስፖርት ትጥቅ አምራቾች ፉክክር ከሁለት ጀርመናዊ ጫማ ሰፊዎች እስከ ጋይንት ገበያ

ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልዲያ የሚሄደውን መንገድ የያዘ ሰው የጉናን ተራራ በቀኙ እያየ ላይ ጋይንት ሲገባ ንፋስ መውጫን ያገኛል። ከባህር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ስሟን የሚመጥን ብርድ ያላት ከተማ ናት። በገበያ ቀን ከየቀበሌው የሚተመውን ወጣት ልብ ብሎ ያየ የስፖርት ቤተሰብ፣ የዓለምን ታላላቅ ኩባንያዎች ፉክክር በአንድ እይታ ያገኘዋል። ከወገብ በላይ የአርሰናል ወይም የማንቸስተር ዩናይትድ ማሊያ ነው። ቱታው ባለ ሦስት መስመር ነው። ዓይን ወደ ታች ሲወርድ ግን አዲዳስም ናይኪም የለም። ያለው ኮንጎ ነው! ገበሬው ለእርሻም ለቤተ ክርስቲያንም፣ ልጁም ለትምህርት ቤትም ለኳስም የሚጫማው የላስቲክ ጫማ።

ወደ ስማዳ ወገዳ፣ ወደ ታች ጋይንት አርብ ገበያ ወይም ወደ እስቴ መካነ ኢየሱስ ቢዞሩም ሥዕሉ ብዙም አይለይም። ማሊያው ወይ ሰልባጅ ነው፣ ወይ ከመርካቶ የወጣ ኮፒ ነው። አንዳንዱ ላይማ ሦስቱ መስመር አራት ሆኖ ይገኛል። ኩባንያዎቹ ከዚህ ሽያጭ ሰባራ ሳንቲም አያገኙም። ምልክታቸው ግን አስፋልት ያልደረሰበት ቀበሌ ሳይቀር ደርሷል። ምልክቱ የደረሰበት ቦታ ጫማው ለምን አልደረሰም? ድሮ ይህ ጥያቄ የፋሽን ጥያቄ ነበር። ዛሬ ግን ማን ያሸንፋል የሚል የውድድር ጥያቄ ሆኗል። እንዴት ቢሉ፣ ነገሩ ወዲህ ነው።

የወንድማማቾቹ ጠብ

ታሪኩ የሚጀምረው ሄርዞገናውራህ በምትባል የጀርመን ባቫሪያ ትንሽ ከተማ ነው። አዶልፍና ሩዶልፍ ዳስለር የተባሉ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1924 የጋራ የጫማ ፋብሪካ አቋቋሙ። አዶልፍ (ቤተሰቡ «አዲ» ይለዋል) ዝምተኛ ጫማ ሰፊ፣ ሩዶልፍ ደግሞ አፈ ቅቤ ሻጭ ነበሩ። በ1936ቱ የበርሊን ኦሊምፒክ ጥቁር አሜሪካዊው ጄሲ ኦውንስ በሂትለር ዓይን ፊት አራት ወርቅ ሲያጠልቅ እግሩ ላይ የነበረው የዳስለሮች ጫማ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ወንድማማቾቹ ዓይንህን ለአፈር ተባባሉ። የጠቡ ምክንያት ዛሬም ድረስ ያከራክራል። ውጤቱ ግን አያከራክርም። ሩዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1948 ወጥቶ ፑማን መሠረተ። አዲ ደግሞ በ1949 ስሙንና የአባቱን ስም ቆራርጦ አገጣጠመና «አዲዳስ» ብሎ አስመዘገበ። ፋብሪካዎቹ በአንድ ወንዝ ግራና ቀኝ ቆሙ። የከተማው ሰው የሚያገኘውን ሰው ፊት ከማየቱ በፊት ጫማውን ጎንበስ ብሎ የሚያይ ሆነ ይባላል። ሁለቱ ወንድማማቾች ሳይታረቁ ሞቱ፤ የተቀበሩትም በአንድ መካነ መቃብር በተለያየ ጥግ ነው። የሁለቱ ኩባንያ ሠራተኞች እርቅ ለማውረድ አንድ ላይ ኳስ የተጫወቱት እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ስድሳ ዓመት ያለፈው ቂም መሆኑ ነው!

ኳስ ሜዳው ሲከፈል

ለእኛ ለኳስ ወዳዶች ይህ የቤተሰብ ጠብ ባዕድ አይደለም። ብዙ የምናወራቸው የዓለም ዋንጫ ታሪኮች በውስጡ አሉበትና።

እ.ኤ.አ. በ1954 በርን ላይ ምዕራብ ጀርመን የማትበገረዋን ሃንጋሪ 3 ለ 2 ስትረታ ሜዳው በዝናብ ጨቅይቶ ነበር። ጀርመኖቹ ያደረጉት የአዲዳስ ታኬታ ጥርሱ በብሎን የሚፈታና የሚታሰር ስለነበረ ለጭቃው ረዘም ያለውን ገጠሙለት። አዲ ዳስለር ከቡድኑ ጋር አብሮ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ታኬታ የባለሙያ መሣሪያ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1970 በሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ ደግሞ ተራው የፑማ ነበር። ሁለቱ ኩባንያዎች ፔሌን ማስፈረም ዋጋ ማናር ነውና አንነካውም ተባብለው ነበር ይባላል። ፑማ ግን ቃሉን በላ። ፔሌም ጨዋታ ሊጀመር ሲል ዳኛውን አንዴ ታገሱኝ ብሎ ጎንበስ አለና የጫማውን ማሰሪያ አሰረ። ካሜራው ተከተለው። ዓለም በሙሉ የፑማን ጫማ አየ። ያን ያህል ርካሽ ማስታወቂያ ከዚያ በፊት አልታየም።

ከአራት ዓመት በኋላ ኔዘርላንድ የአዲዳስ ማሊያ ለብሳ ስትመጣ ዮሃን ክራይፍ የፑማ ሰው ነበርና ባለ ሦስት መስመሩን አልለብስም አለ። ምን ተደረገ? ከማሊያው አንድ መስመር ተነሳለት። አሥሩ ተጫዋቾች ሦስት መስመር፣ ክራይፍ ብቻውን ሁለት መስመር! የዚያን ዘመን ፎቶግራፍ ያለው አንባቢ አውጥቶ ይቁጠር።

ዛሬ ጦርነቱ የክለብ ማሊያ ላይ ነው። ማንቸስተር ዩናይትድ እ.ኤ.አ. በ2002 ከአምብሮ ወደ ናይኪ፣ በ2015 ደግሞ በ10 ዓመት 750 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ አዲዳስ ዞረ፤ በ2023ም ውሉን እስከ 2035 አራዘመ። አርሰናል ለ20 ዓመት ከናይኪ ጋር ቆይቶ በ2014 ወደ ፑማ፣ በ2019 ወደ አዲዳስ ሄደ። የጀርመን እግር ኳስ ፌዴሬሽን እንኳ ከበርን ጀምሮ አብሮት የኖረውን አዲዳስን ትቶ ከ2027 ጀምሮ ናይኪ እንደሚለብስ እ.ኤ.አ. በ2024 ሲያስታውቅ ጀርመናውያን ፖለቲከኞች ሳይቀሩ ጮኸዋል። ማሊያው በተቀየረ ቁጥር መርካቶም ይቀየራል፤ ከመርካቶም በኋላ ንፋስ መውጫ።

አበበና ሦስቱ ጫማዎች

አሁን ወደ ራሳችን ጓዳ እንግባ። ይህን ሁሉ የኩባንያ ታሪክ የአንድ ኢትዮጵያዊ እግር እንደሚያገናኘው ስንቱ ሰው ያውቃል?

ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ሻምበል አበበ ቢቂላ (ያኔ ገና የክብር ዘበኛ የበታች ሹም ነበር) ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ በዓለም ክብረ ወሰን ሲያሸንፍ በባዶ እግሩ እንደነበረ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ብዙ የማይነገረው ለምን በባዶ እግሩ እንደሮጠ ነው። እንደሚነገረው ለኦሊምፒኩ አትሌቶች ጫማ ያቀረበው አዲዳስ ነበር፤ አበበ ሲመርጥ የቀረው ጥቂት ነበር፤ ካለውም የተመቸው አልነበረም። እሱና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ጠባብ ጫማ እግር ከሚልጥ የለመደው ባዶ እግር ይሻላል ብለው ወሰኑ። እንዲህ ከሆነ የመጀመሪያው የአፍሪካ ጥቁር የኦሊምፒክ ወርቅ የመጣው አዲዳስን አልፈልግም ባለ እግር ነው!

በዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1961 አበበ ኦሳካ ላይ ማራቶን ሊሮጥ ጃፓን ገባ። ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ የተባለ የኮቤ ከተማ ጫማ አምራች አበበ ያረፈበት ሆቴል ድረስ ሄዶ፣ የጃፓን አስፋልት ጠጠር የበዛበት ነው፣ የእኔን ጫማ አድርግ ብሎ ወተወተው። አበበም አደረገ፤ አሸነፈም። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ካደረገ ከ40 ቀን ገደማ በኋላ በ2:12:11 ሁለተኛ ወርቁን ሲወስድ እግሩ ላይ የነበረው ፑማ ነው።

አዲዳስ፣ ኦኒትሱካ፣ ፑማ። በአራት ዓመት ውስጥ ሦስቱም የአንድን ሰው እግር ተሻሙ። አራተኛው ናይኪስ? እሱም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። ፊል ናይት የተባለ አሜሪካዊ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1962 ኮቤ ድረስ ሄዶ የኦኒትሱካን ጫማ አሜሪካ ውስጥ ልሽጥ ብሎ ተስማማ። በ1964 ከአሠልጣኙ ከቢል ባወርማን ጋር ትንሽ ድርጅት አቋቋመና ጫማውን በመኪናው ኮፈን እየዞረ ይቸበችብ ጀመር። በ1971 ከጃፓኖቹ ጋር ሲጣላ የራሱን ጫማ «ናይኪ» አለው። ያቺን የምናውቃትን ጭረት አንዲት ተማሪ በ35 ዶላር ሣለችለት። ኦኒትሱካም በ1977 ከሌሎች ጋር ተዋህዶ አሲክስ ሆነ። የ35 ዶላሯ ምልክት ባለቤት ናይኪ እ.ኤ.አ. በ2024 የበጀት ዓመት የሸጠው 51.4 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል። አዲዳስ በዚያው ዓመት 23.7 ቢሊዮን ዩሮ ሸጧል። የእነዚህ ኩባንያዎች ዓመታዊ ሽያጭ የብዙ አፍሪካ አገሮችን ዓመታዊ ምርት ያስንቃል።

ስሙስ የማን ነው?

የአበበ ነገር በእግሩ አላበቃም፤ ስሙም ገበያ ወጥቷል። ቪብራም የተባለው የጣልያን የጫማ ሶል አምራች እንደ እጅ ጓንት አምስት ጣት ያለው ጫማ ይሠራል። በባዶ እግር የመሮጥ ፋሽን አሜሪካን ባጥለቀለቀበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ አንዱን ሞዴል «ቢቂላ» ብሎ ለገበያ አቀረበ። የአበበ ቤተሰብ በ2015 አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ አልፈቀድንም፣ አልተጠየቅንም አለ። ፍርድ ቤቱ በ2016 ክሱን ዘጋው። ምክንያት? ቤተሰቡ ነገሩን በ2011 አውቆ ሳለ ክሱን አዘግይቷል የሚል ነው። ስሙ የማን ነው የሚለው ጥያቄ በጊዜ ገደብ ተበላ ማለት ነው። ለባዶ እግር ዝና ያተረፈልን ሰው ስም ጫማ መሸጫ ሲሆን እኛ ዳር ቆመን አየን። በጊዜ ያልተዋዋለ በኋላ ያለቅሳል።

ኃይሌ ወዲህ፣ ቀነኒሳ ወዲያ

ከአበበ በኋላ የመጣው ትውልድ መዋዋልን ተምሯል። ኃይሌ ገብረሥላሴ የሩጫ ዘመኑን ከአዲዳስ ጋር ነው ያሳለፈው። መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም. በርሊን ላይ በ2:03:59 ማራቶንን ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ሲሆን እግሩ ላይ ሦስቱ መስመር ነበሩ። ቀነኒሳ በቀለ በበኩሉ የናይኪ ሰው ነበር። ብሔራዊ ቡድናችን አዲዳስ በሚለብስባቸው ዓመታት ቀነኒሳ ከላይ አዲዳስ፣ ከታች ናይኪ ሆኖ ሲያሸንፍ አይተናል። የአትሌቲክስ ሕግ ጫማ የሥራ መሣሪያ ነው፣ አትሌቱ የተመቸውን ይምረጥ ይላል። ክራይፍ መስመር አስፈትቶ ያገኘውን መብት ሯጮች በሕግ አላቸው።

በዚህ ዘመን ፉክክሩ የገንዘብ እንጂ የፍጥነት አልነበረም። የኃይሌና የቀነኒሳ ጫማ ቢቀያየር የሚሊኒየሙ ውጤት ይቀየር ነበር የሚል ሰው አልነበረም። ጫማ ጫማ ነው፤ የሚሮጠው ሰው ነው። ይህ እምነት የፈረሰው ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው።

ጫማው መሮጥ ሲጀምር

በዚያ ዓመት ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ የወንዶች ማራቶን ሲካሄድ ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ወርቅ፣ የእኛው ፈይሳ ሌሊሳ ብር፣ አሜሪካዊው ጌለን ሩፕ ነሐስ ወሰዱ። ዓለም ያኔ ያየው ፈይሳ መስመሩን ሲያልፍ ያጣመረውን እጁን ነው። እግር የተመለከተ ሰው አልነበረም። በኋላ ሲታወቅ ሦስቱም ያደረጉት ገና ገበያ ያልወጣ የናይኪ የሙከራ ጫማ ነበር። ሶሉ ወፍራም፣ ክብደቱ ቀላል፣ መሀሉ ላይ የካርቦን ሳህን የተቀበረበት። በቀጣዩ ዓመት ለገበያ ሲቀርብ «4 በመቶ» የሚል ስም ተሰጠው። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሯጩ ለተመሳሳይ ፍጥነት የሚያወጣውን ጉልበት በአማካይ 4 በመቶ ያህል ይቀንሳል ስላሉ ነው።

4 በመቶ ሲባል ትንሽ ይመስላል። ማራቶን ላይ ግን ሜዳሊያና ሰባተኛ ደረጃ የሚለያዩት ከዚያ በጣም ባነሰ ነው። ቀነኒሳ እ.ኤ.አ. በ2019 በርሊን ላይ በዚህ ጫማ ትውልድ 2:01:41 ሲሮጥ ለክብረ ወሰኑ የጎደለው 2 ሴኮንድ ብቻ ነበር። አዲዳስ፣ አሲክስና ፑማ እንዳይቀደሙ ተረባረቡ፤ የስዊሱ ኦን ተከተለ፤ የቻይናው አንታም ቀነኒሳን እ.ኤ.አ. በ2023 አስፈርሞ ገባ። የዓለም አትሌቲክስም በ2020 ልጓም አበጀ። የጎዳና ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር አይበልጥ፣ ካርቦኑም ከአንድ ሳህን አይለፍ አለ።

ልጓሙ ማንን እንደያዘ ታውቃላችሁ? የእኛን ልጅ። መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ደራራ ሁሪሳ ቪየና ማራቶንን በ2:09:22 አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ደስታው አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ጫማው ተለካ። ሶሉ 50 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ለልምምድ የተሠራ የአዲዳስ ጫማ ነበር። ድሉ ተሰርዞ 3 ሴኮንድ ለተቀደመው ኬንያዊ ተሰጠ። በአንድ ሳንቲ ሜትር! አበበ ጫማ አጥቶ ባሸነፈ በ61 ዓመቱ ደራራ ጫማ በዝቶበት ተሸነፈ።

የፉክክሩ ጥግ የታየው መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ ነው። ትዕግስት አሰፋ፣ ያቺ ሪዮ ላይ 800 ሜትር የሮጠችው፣ ማራቶንን በ2:11:53 ፈጽማ የሴቶችን ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ስትቆርጠው የስፖርቱ ዓለም አፉን ይዞ ቀረ። ከመስመሩ በኋላ ያደረገችውን ያየ አይረሳውም። ጫማዋን አውልቃ ከፍ አድርጋ ሳመችው። ጫማው አዲዳስ ነው፤ ክብደቱ 138 ግራም፣ ዋጋው 500 ዶላር። ኩባንያው ያኔ ለሽያጭ ያቀረበው 521 ጥንድ ብቻ ሲሆን የተሠራውም ለአንድ ማራቶን እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። አንዴ ሮጠውበት የሚጣል 500 ዶላር! በዚያን ጊዜ የባንክ ምንዛሪ ከ27 ሺህ ብር በላይ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ክረምት የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ደግሞ ከ50 ሺህ በላይ ገብቷል። በጋይንት ገበያ ስንት በሬ እንደሚገዛ የአገሬው ሰው ያስላው።

ትዕግስት ጀግና ናት። ጫማው ብቻውን አልሮጠም፤ ያንኑ ጫማ ያደረገች ሌላ ሴት ያን ቀን 2:11 አልገባችም። ግን ያ ጫማ ያልነበራትስ ሴት? እሷ ስንት ገባች የሚለውን ማንም አይጠይቅም።

ከጉና ሥር ያለው እግር

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከአራት ሺህ ሜትር ከሚያልፈው ጉና ጀምሮ ወደ በሽሎና ወደ አባይ ሸለቆ የሚወርድ አገር ነው። ልጁ ዳገት ወጥቶ ቁልቁለት ወርዶ ነው ትምህርት ቤት የሚደርሰው። አትሌት ለማፍራት ከፍታና የለመደ እግር ብቻ ቢበቃ ኖሮ ንፋስ መውጫ ከበቆጂ አታንስም፤ እንዲያውም በቁመት ትበልጣታለች። በቆጂ ግን ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና የዲባባን እህትማማቾች አፍርታለች፤ የጋይንት ስም በሩጫው ዓለም እንደዚያ ሲጠራ አይሰማም። በቆጂን በቆጂ ያደረጋት አየሩ ብቻ ሳይሆን ልጅ የሚለይ አሠልጣኝ፣ የማይቋረጥ ውድድርና ወደ አዲስ አበባ ክለቦች የሚወስድ መስመር ነው። በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በተቀሰቀሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ውድድሩም አብሮ ነው የሚዘጋው።

ድሮ ይህ ሁሉ ጎድሎ እንኳ አንድ በር ክፍት ነበር። በኮንጎም በባዶ እግርም የመጣ ልጅ ወረዳ፣ ዞን፣ ክልል እያለ ከቀደመ ክለብ ይይዘዋል፤ ጫማ በኋላ ይመጣለታል። ሕጉ ዛሬም በባዶ እግር መሮጥን ይፈቅዳል። የተፈቀደ ነገር ሁሉ ግን ያዋጣል ማለት አይደለም። በአንድ የማጣሪያ ውድድር ላይ ከአዲስ አበባ ማናጀር ያለው ልጅ ካርቦን ተጫምቶ፣ የስማዳው ልጅ በሸራ ጫማ ቢሰለፉ ሰዓት የያዘው ዳኛ የሚለካው ሁለቱን ልጆች ብቻ አይደለም። ኪሳቸውንም ነው። 4 በመቶ የምትባለው ቁጥር 10 ሺህ ሜትር በ30 ደቂቃ ለሚሮጥ ልጅ በግማሽ እንኳ ብትሠራ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ናት። ያቺ ግማሽ ደቂቃ ናት አንዱን ክለብ የምታስገባው፣ ሌላውን ወደ እርሻው የምትመልሰው።

አንዳንዱ ታዲያ «አበበም በባዶ እግሩ ነው ያሸነፈው» ይላል። ይህ ለተረት ያምራል። አበበ በባዶ እግር ያሸነፈው ሌሎቹ ያደረጉት ጫማ ከእግር ብዙም የማይሻልበት ዘመን ስለነበረ ነው። ደግሞም ባዶ እግር ክብር ብቻ አይደለም። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ዘመኑን ሙሉ በባዶ እግሩ የሄደ ስንት ገበሬ እግሩ አብጦ ከሰው ተለይቷል። ጫማ ቅንጦት የሚመስለው ላለው ሰው ነው።

በረባሶን ያስከበሩት

ለመሆኑ እኛስ መሥራት አንችልም? የመኪና ጎማ ቆርጦ በረባሶ መሥራት አያቶቻችን የቻሉት ጥበብ ነው። ቤተልሔም ጥላሁን ይህንኑ ጥበብ ይዛ ከአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ሶልሬብልስ የተባለ ኩባንያ አቋቁማ በአሮጌ ጎማ ሶል የተሠራ ጫማ ለውጭ ገበያ ሸጣለች። በረባሶ የድሃ ጫማ ነው የሚለውን ገልብጣዋለች። በማሊያ በኩልም ጎፈሬ የተባለው የአገር ውስጥ አምራች ለበርካታ የሊጋችን ክለቦች ትጥቅ ሠርቷል። ትናንት የእኛ ክለብ ደጋፊ የአውሮፓ ኮፒ እንጂ የራሱን ክለብ ማሊያ የሚገዛበት ሱቅ አልነበረውም። ጎረቤቶቻችን ኬንያውያንም ኤንዳ የሚባል የሩጫ ጫማ ሠርተው የመጀመሪያውን ሞዴል በሯጮች ከተማቸው «ኢቴን» ብለውታል። በቆጂ የሚባል ጫማ ግን እስካሁን ገበያ ላይ አላየንም።

እነዚህ ጅምሮች ነገ ከናይኪ ላቦራቶሪ ጋር ይወዳደራሉ ብሎ ራስን ማታለል አያስፈልግም። ካርቦን ጫማ የብዙ ዓመት ጥናትና የብዙ ሚሊዮን ዶላር ውጤት ነው። በእጃችን ያለው መሣሪያ ሌላ ነው፤ እግራችን ነው። ከአዲዳስ እስከ አንታ ያሉት ሁሉ ወደ ኢትዮጵያ የሚመጡት ጫማቸውን ሊሸጡልን አይደለም። ገበያችን ለእነሱ ምናቸውም አይደለም። የሚመጡት በርሊንና ለንደን ላይ የሚታይ እግር ፈልገው ነው። ፈላጊ ሲበዛ ደግሞ ዋጋ የሚተምነው ባለ ዕቃው ነው። ፔሌም ክራይፍም ይህ ገብቷቸዋል።

ስለዚህ ፌዴሬሽን የትጥቅ ውል ሲፈርም የብሔራዊ ቡድን ቱታና ማሊያ ተቀብሎ መጨባበጥ ብቻውን አይበቃም። በየዞኑ ለሚሠለጥኑ የፕሮጀክት ልጆች በየዓመቱ የሚመጣ የመሮጫ ጫማ በቁጥር ተጽፎ ውሉ ውስጥ ይግባ። የኩባንያዎቹ መጋዘን ወቅቱ ባለፈበት ጫማ የተሞላ ነው፤ ለእነሱ ብዙ አያስወጣም። ለታዳጊዎች ማጣሪያም አንድ ቀላል ደንብ ይበቃል። ወይ ሁሉም ካርቦን ያድርግ፣ ወይ ማንም አያድርግ። ሁሉም በአንድ ዓይነት ጫማ ሲሰለፍ ሰዓቱ የሚናገረው ስለ እግሩ ይሆናል።

ውል ዘግይቶ ሲታሰብ የሚያስከፍለውን የአበበ ቤተሰብ አይቶታል። የጋይንቱ፣ የስማዳውና የእስቴው ልጅ ኩባንያዎቹን ምልክት እያስተዋወቀ በነፃ ለብሶላቸዋል። ሒሳቡን ጠይቆ የሚያወራርድለት ግን እስካሁን አላገኘም።